በዢቬርኒ መንደር የሚገኘው ሰማያዊ ማድ ቤት

ከፓሪስ ከተማ ተነሥቶ የሴንን ወንዝ በመከተል ወደ ሰሜን ምዕራብ 75 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዝ ሰው፥ ኖርማንዲ ከሚባለው አገር መግቢያ ላይ ዢቬርኒ የምትባል ትንሽ መንደር ያገኛል። ከፓሪስ በባቡር የተሳፈረ መንገደኛ አንድ ሰዓት ሳይሞላው ቬርኖን ከተማ ይደርሳል፤ ከዚያም ወንዙን ተሻግሮ የቀረውን 5 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በአውቶቡስ ወይም በቢስክሌት ወይም በእግሩ ይሄዳል። ወደዚህች መንደር በየዓመቱ የሚጎርፈው ሕዝብ የሚመጣው፥ ሙሴ ክሎድ ሞኔ የተባለው ስመ ጥር ሠዓሊ የተከለውን የአበባ ስፍራና በኩሬው ላይ የሚንሳፈፈውን አበባ ለማየት ነው። እኛ ግን ለዚህ ገጽ አንባቢዎች የምንተርከው ስለ አበባው ሳይሆን ስለ ማድ ቤቱ ነው። በዚያ አሮጌ የገጠር ቤት ውስጥ ቀለም ለጌጥ ብቻ ሳይሆን ለሥራ እንደ ገባ የሚያሳይ፥ ከዚህ ማድ ቤት የተሻለ ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም። በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ሞኔ ወደዚህ ቤት የመጣው በ1883 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር መጨረሻ ነው። ያን ጊዜ ዕድሜው 42 ዓመት ነበረ፤ ስሙ ገና በሰፊው አልታወቀም፤ ከገንዘብም በኩል ችግረኛ ነበርና፥ ዱራን ሩዌል የሚባለው ሥዕሉን የሚሸጥለት ነጋዴ ገንዘብ እንዲልክለት መለመን ግድ ሆኖበት ነበር። ሚስቱ ካሚይ በ1879 ሁለት ወንዶች ልጆች ትታ ሞታበታለች። ቀድሞ ሥዕሎቹን ይገዛው የነበረው ኤርኔስት ኦሼዴ የተባለ ባለጸጋ ደግሞ ከስሮ ሀብቱ በሐራጅ ከተሸጠበት በኋላ፥ ሚስቱ ማዳም አሊስ ስድስት ልጆችዋን ይዛ ከሞኔ ቤተ ሰብ ጋራ በአንድ ጣራ ሥር መኖር ጀምራ ነበር። እንግዲህ ወደ ዢቬርኒ የገቡት ሁለት ታላላቅ ሰዎችና ስምንት ልጆች፥ በጠቅላላው ዐሥር ነፍስ ናቸው። ልጆቹ ከሁለት እናትና ከሁለት አባት የተወለዱ ናቸው፤ ከሁለት ቤት ፍርስራሽ የተሰበሰቡ ስለ ነበሩ በመካከላቸው የነበረው ኀዘንና ኀፍረት ቀላል አልነበረም። መንደሪቱም 300 ያህል ነዋሪ ብቻ የነበራት ስለ ሆነች የጎረቤት ዓይንና አፍ አላረፈላቸውም። ሞኔና አሊስ በሕግ የተጋቡት ኤርኔስት ኦሼዴ በ1891 ከሞተ በኋላ፥ በ1892 ነው። ይህ ቤተ ሰብ አንድ ቤተ ሰብ የሆነው በወረቀት ሳይሆን በገበታ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ቤቱ ቀድሞ የእርሻ ቤት ነበረ፤ የኖርማንዲ ገበሬ የፖም ፍሬ ጨምቆ መጠጥ የሚያወጣበት ስፍራ ስለ ነበረ ስሙ እንኳ «መጭመቂያው» ይባል ነበር። መልኩ ረጅምና ጠባብ ነው። ሞኔ ኋላ በሁለቱም ጫፍ አስረዝሞት ርዝመቱ 40 ሜትር ያህል ሲሆን ወደ ውስጥ ያለው ስፋቱ ግን 5 ሜትር ብቻ ነው። ለ7 ዓመት ተከራይቶ ከኖረበት በኋላ በ1890 በ22,000 ፍራንክ ገዛው፤ ገንዘቡንም የከፈለው በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየጊዜው ነው። ከገዛውም በኋላ አፍርሶ አዲስ አልሠራም። ጥቂት ሀብት ያገኘ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው አሮጌውን ግድግዳ ማፍረስ ነውና ይህ ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል። ጎተራውን የሥዕል መሥሪያ አደረገው፤ የቤቱን የውጭ ግድግዳ በተፈጨ ሸክላ ሐምራዊ ቀይ መልክ ሰጠው፤ የመስኮቱን መከለያና በሩን አረንጓዴ ቀባው።

የቤቱ ጥበት በመጀመሪያ ሲያዩት ጉድለት ይመስላል፤ ለማድ ቤቱ ግን ጥቅም ሆኖለታል። ወደ ውስጥ 5 ሜትር ብቻ የሆነ ክፍል ብርሃኑ ከመስኮቱ ገብቶ እስከ ወዲያኛው ግድግዳ ይደርሳል፤ ጨለማ ማእዘን አይኖረውም። ማድ ቤቱ የተቀመጠው በቤቱ ጫፍ፥ ከምግቡ ክፍል ቀጥሎ ነው። በር ለበር ስለ ሆኑ ሳህኑ ሳይቀዘቅዝ ከምድጃው ወደ ገበታው ይደርሳል፤ ወደ ውጭ የሚያስወጣ በርም ስላለው ከጓሮ የሚመጣው አትክልትና ማገዶ እንግዳ በሚቀመጥበት ክፍል አያልፍም። በአገራችን ማድ ቤት ከእልፍኙ ተለይቶ የሚሠራው ጢሱና እሳቱ ቤቱን እንዳይጎዳ ነው፤ ይህም ትክክለኛ ጥንቃቄ ነው። በዢቬርኒ ማድ ቤቱን ከዋናው ቤት ጋራ ማጣበቅ የተቻለው ትልቁ የብረት ምድጃ ጢሱን በጢስ መውጫ ወደ ላይ ስለሚልክ ነው። ምድጃው በከሰልና በእንጨት የሚነድ ሆኖ ብዙ መጋገሪያ ስላለው፥ አንደኛው ሥጋ ሲጠብስ ሌላው ኬክ ይጋግራል።

ወደ ውስጥ የገባ ሰው ዓይን የሚያርፈው በመጀመሪያ በግድግዳው ላይ ነው። ግድግዳው በነጭ ላይ በሰማያዊ የተሣለ፥ እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቅ የሸክላ ሰሌዳ ለብሷል፤ ዛሬ እኛ ሴራሚክ የምንለው ነው። ይህ ሰሌዳ የሩአን ሥራ ነው። ሩአን በዚያው በሴን ወንዝ ዳር ከዢቬርኒ በታች የምትገኝ ጥንታዊት ከተማ ስትሆን፥ ቀለም የተቀባ የሸክላ ዕቃ በመሥራት ከጥንት ጀምሮ የታወቀች ናት። ከሰሌዳው በላይ ያለው ግድግዳና ጣራው ፈዘዝ ባለ ሰማያዊ ቀለም ተቀብተዋል፤ ወለሉ ቀይ የሸክላ ንጣፍ ነው። ይህ ሁሉ ሲያዩት ያምራል፤ ነገር ግን አስቀድሞ የታሰበለት ለሥራ ነው። የቅባት ጢስ የሚወጣበት ማድ ቤት ግድግዳው በኖራ ብቻ ቢለሰን በአንድ ክረምት ይጠቁራል፤ በየዓመቱም ማደስ ያስፈልጋል። መስተዋት መሳይ ቅብ ያለው ሰሌዳ ግን ቅባቱን አይጠጣምና በሙቅ ውኃ የራሰ ጨርቅ ያጠራዋል። ነጩ መደብ ቆሻሻውን ያጋልጣል፤ ሰማያዊው ሥዕል ደግሞ ነጩ የሆስፒታል መልክ እንዳይኖረው ያደርጋል። ሰማያዊ ቀለም ዝንብን ያርቃል የሚልም ወግ አለ። እኛ ዝንብ ለቀለም የሚታዘዝ ፍጡር መሆኑን እንጠራጠራለን፤ ሥጋውን በወንፊት መክደን የበለጠ ያስተማምናል።

በዚህ በሰማያዊው ግድግዳ ላይ የመዳብ ድስቱና መጥበሻው ሁሉ ከትልቁ ጀምሮ እስከ ትንሹ በተራ ተሰቅሏል። የመዳብ ጥቅሙ ሙቀትን ቶሎ ተቀብሎ በእኩል ማዳረሱ ነው፤ ስለዚህ ስጎውና የወተት ምግቡ በአንድ በኩል ሳያር ይበስላል። ጉዳቱ ደግሞ ኮምጣጣ ነገር ሲነካው መበላሸቱና ምግቡን መመረዙ ነው፤ ስለዚህ ውስጡ በቆርቆሮ ይለበጣል፤ ልባጡም ሲያልቅ እንደ ገና መታደስ አለበት። ለዓይን ያለው ነገር ግን ከዚህ ይልቅ ያስደንቃል። ሼቭሬይ የተባለው የፈረንሳይ የኬሚስትሪ ሊቅ በ1839 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ሁለት ቀለሞች ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ የሌላውን መልክ እንደሚለውጥ፥ ተቃራኒዎች ሲጎራበቱም አንዱ ሌላውን እንደሚያጎላ አስረድቷል። የሰማያዊ ተቃራኒ የብርቱካን መልክ ነው። የተወለወለ መዳብም የብርቱካን መልክ አለው። ስለዚህ ያ ድስት በዚያ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል እንደ ፋና ያበራል፤ ወጥ ሠሪዋም ቀና ብላ ሳትፈልግ የምትሻውን መጠን በአንድ እይታ ታነሣለች። በቁም ሣጥን ውስጥ ተደራርቦ የተቀመጠ ድስት ግን ከሥር ያለው በተፈለገ ቁጥር ከላይ ያለውን ሁሉ ያስወርዳል፤ ይህን የቤት እመቤት ሁሉ ታውቀዋለች።

ከማድ ቤቱ ቀጥሎ ያለው የምግብ ክፍል ብጫ ነው። ብጫ ስንል ግድግዳው ብቻ አይደለም፤ ብፌውም፥ ወንበሩም፥ በሩም በሁለት ዓይነት ብጫ፥ አንዱ ደመቅ አንዱ ፈዘዝ ብሎ ተቀብቷል። በዚያ ዘመን በፈረንሳይ አገር የተከበረ ሰው የምግብ ክፍል የሚያምረው በጥቁር እንጨትና በከባድ መጋረጃ ነው ተብሎ ይታመን ነበርና፥ ውድ የሆነ ዕቃ ላይ ብጫ ቀለም መቀባት ድፍረት ነበረ። በግድግዳው ላይ ሞኔ በዕድሜው ሙሉ ሲሰበስባቸው ከኖሩት፥ ቍጥራቸው ከ200 ከሚበልጡት የጃፓን የእንጨት ኅትመት ሥዕሎች ብዙዎቹ ተሰቅለዋል። ጥበቡ ያለው ግን በሩ ሲከፈት ነው። በብጫው ክፍል የተቀመጠ ሰው በበሩ በኩል ሰማያዊውን ማድ ቤት ያያል፤ በሰማያዊው ውስጥ የምትሠራው ደግሞ ብጫውን ታያለች። ሁለቱ ክፍሎች አንድ ሥዕል እንዲሆኑ ታስበው የተቀቡ ናቸው። ገበታውም ከዚህ አልተለየም፤ ለበዓል ቀን የሚወጣው ነጭ ሸክላ ሳህን ዙሪያው ሰፊ ብጫ ሆኖ ዳሩ በሰማያዊ ተከብቧል፤ የዘወትሩም የጃፓን መልክ ያለበት ሰማያዊ ሳህን ነበረ።

የቤቱ ሥርዓት ከቀለሙ ይልቅ ጥብቅ ነበረ። ሞኔ ከንጋት በፊት ተነሥቶ ብርሃኑን ለመቅደም ወደ ሥራው የሚሄድ ሰው ስለ ነበረ፥ ምሳ የሚቀርበው በትክክል ከቀኑ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ነበረ፤ አንድ ደቂቃ ቢዘገይ ይቆጣል። ራት ከምሽቱ በ1 ሰዓት ይቀርባል። ማታ ቶሎ ስለሚተኛ እንግዳ የሚጋበዘው ለምሳ ብቻ ነው። በዚህ ገበታ የፈረንሳይ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ክሌማንሶ፥ ሠዓልያኑ ሬኗርና ሴዛን፥ ቅርጽ ቀራጩ ሮዳን ቀርበዋል። የወፍ ጥብስ ሲመጣ ሞኔ ራሱ በገበታው ላይ ይቆርጠው ነበር፤ ሰላጣውንም ራሱ ያሰናዳል፤ ቁንዶ በርበሬ እጅግ ያበዛበት ስለ ነበረ ያን ሰላጣ ከእርሱና ከእንጀራ ልጁ ከብላንሽ በቀር የሚደፍረው አልነበረም ይባላል።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ደግ አይሆንም። ሞኔ የምግብ ጣዕም የሚያውቅ፥ የምግብ አሠራር በደብተር ጽፎ የሚያኖር ሰው ነበረ፤ ከደብተሮቹም የተሰበሰበው በ1989 በመጽሐፍ ወጥቷል። ይሁን እንጂ በምድጃው ፊት የሚቆም እርሱ አልነበረም። የቆመችው ማርግሪት የምትባለው ወጥ ሠሪና ረዳቶችዋ ናቸው። በበጋ ቀን በከሰል በጋለ የብረት ምድጃ አጠገብ፥ ከ5 ሰዓት ተኩል ሳያልፍ ለዐሥርና ለዐሥራ አምስት ሰው ምሳ ማድረስ ምን ያህል ድካም እንደ ሆነ የሰማያዊው ሰሌዳ ውበት አይናገርም። ማርግሪት ባል ለማግባት ባሰበች ጊዜ ሞኔ እርስዋን ከማጣት ይልቅ ባልዋንም ለቤቱ አሽከር አድርጎ እንደ ቀጠረው ይተረካል። ከዚህ ጌታው ማድ ቤቱ በማን እጅ እንደ ቆመ ማወቁን እንረዳለን፤ እኛም የምናመሰግነው ማድ ቤቱን ያማረ በማድረጉ ብቻ ሳይሆን፥ የሚሠራበት ሰው ብርሃንና ንጹሕ ግድግዳ እንዲያገኝ በማድረጉ ጭምር ነው። በብዙ የዚያ ዘመን ታላላቅ ቤቶች ማድ ቤቱ ከምድር በታች፥ የፀሐይ ብርሃን በማይደርስበት ስፍራ ነበርና።

ጓዳው የተለየ ነው። ከማድ ቤቱ ጋራ አልተቀላቀለም፤ እሳት በማይነድበት ቀዝቃዛ ክፍል ተደርጓል፤ ምክንያቱም ቅቤና እንቁላል ከምድጃ አጠገብ አይቆዩም። በዚያ ሻይና ቅመም፥ የወይራ ዘይትም ይቀመጥበት ነበር፤ እነዚህም ውድ ስለ ነበሩ በቍልፍ ይዘጋባቸዋል። በግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሁለት የእንቁላል ሣጥኖች 116 እንቁላል የሚይዙ ናቸው። ይህን ቍጥር ሰምቶ የሚደነግጥ ሰው ዐሥር ሰው ላለበት ቤት የሚጋገረውን ያስብ። ዶሮውና የቱርክ ዶሮው በግቢው ውስጥ ይረባ ነበር፤ ጎመኑና ቃሪያው፥ ቅጠላ ቅጠሉም የሚበቅለው በመንደሩ ውስጥ በሌላ ቤት በነበረ ሰፊ የጓሮ አትክልት ነው። ከአበባው መካከል ጎመን እንዲታይበት ሞኔ አልፈለገም ማለት ነው፤ በዚህ ጠባዩ የሚስቅ ቢኖር አንፈርድበትም።

አሮጌ የገጠር ቤት ያላት አንባቢ ከዚህ ሁሉ ምን ትወስዳለች? የሩአንን ሰሌዳ ማስመጣት አያስፈልጋትም። በአሮጌ ቤት ማድ ቤት ሲታደስ የሚበዛው ጥፋት የሚመጣው ከቀለሙ ዓይነት ሳይሆን ከቀለሙ ጠባይ ነው። ከድንጋይ ወይም ከጭቃ የተሠራ አሮጌ ግድግዳ ከምድር እርጥበት ይስባል፤ ያን እርጥበት ወደ ውጭ መተንፈስ አለበት። በዘይት ቀለም ከላይ እስከ ታች የተለቀለቀ እንደ ሆነ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ቀለሙን ያሳብጠዋል፤ በጥቂት ዘመን ይላጣል። ኖራ ግን ያስተነፍሳል፤ ሰማያዊም ሆነ ብጫ ዱቄት ቀለም ተቀላቅሎበት የሚወደደውን መልክ ይሰጣል። ሴራሚኩ የሚያስፈልገው ቅባትና ውኃ በሚረጭበት፥ ይኸውም ከምድጃውና ከዕቃ ማጠቢያው ኋላ እስከ ቁመት ድረስ ብቻ ነው። ገንዘብም በዚህ ይቆጠባል።

ቀለሙን ከመምረጥ በፊት ደግሞ በማድ ቤቱ ውስጥ አንድ ቀን ሙሉ ተቀምጦ ብርሃኑ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ማየት ይበጃል። የጠዋት ፀሐይ የማያገኝ ክፍል ሰማያዊ ቢቀባ ይበርዳል፤ እንዲህ ላለው ብጫው ይሻለዋል። ፀሐይና እሳት የሚያቃጥሉት ክፍል ግን በሰማያዊ ዓይኑ ያርፋል። በዢቬርኒ ሙቀት ያለበት ክፍል ሰማያዊ፥ ሰው የሚሰበሰብበት ክፍል ብጫ የሆነው በአጋጣሚ አይመስለንም። ሁለት ሴቶች ትኩስ ድስት ይዘው ሳይጋፉ የሚተላለፉበት 1 ሜትር ከ20 ያህል ስፋት በገበታውና በምድጃው መካከል ከተገኘ፥ ድስቱም እጅ በሚደርስበት ከተሰቀለ፥ የቀረው ጌጥ ነው፤ ጌጥ ደግሞ ቀስ እያለ ይመጣል።

ያ ቤት ግን ሁልጊዜ ዛሬ እንደሚታየው ሆኖ አልኖረም። ማዳም አሊስ በ1911 ሞተች፤ የሞኔ የበኵር ልጅ ዣን በ1914 ተከተላት። ዣን ያገባት የአሊስ ልጅ ብላንሽ ነበረችና፥ ከዚያ ወዲህ የሸመገለውንና ዓይኑ የደከመውን ሠዓሊ የጦረችው፥ ገበታውንም የጠበቀች እርስዋ ናት። ሁለቱ ቤተ ሰብ አንድ መሆኑ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻውም። ሞኔ በታኅሣሥ 1926 ዓ.ም. በ86 ዓመቱ ዐረፈ፤ ብላንሽም ቤቱን እየጠበቀች ኖራ በ1947 ሞተች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአካባቢው በወደቀው ቦምብ የመስኮቱ መስተዋት ተሰባብሮ ነበር። ከብላንሽ በኋላ ቤቱ ጠባቂ አጣ፤ ወለሉና የጣራው ሠረገላ በሰበሰ፤ ደረጃው ወደቀ፤ በትልቁ የሥዕል መሥሪያ ውስጥ ሦስት ዛፎች በቅለው ተገኙ። የሞኔ ሁለተኛ ልጅ ሚሼል በ1966 በመኪና አደጋ ሲሞት ቤቱን ለፈረንሳይ የሥነ ጥበብ አካዳሚ አወረሰ። የቬርሳይን ቤተ መንግሥት ያደሰው ዤራልድ ቫን ዴር ኬምፕ በ1977 ለዚህ ሥራ ተሾመ፤ በአብዛኛው አሜሪካውያን ለጋሶች በሰጡት ገንዘብ እያደሰ ቤቱንና የአበባውን ስፍራ በ1980 ለሕዝብ ከፈተ። ስለዚህ ጎብኚው ዛሬ የሚያየው ሰማያዊ ማድ ቤት ከጥፋት የተመለሰ ነው።

ቤቱ ለጎብኚ የሚከፈተው ከአፕሪል 1 ቀን እስከ ኖቬምበር 1 ቀን ነው፤ በክረምት ይዘጋል። መንገደኛው የሚገባው በሳሎኑ በኩል ሆኖ ጓዳውንና የሥዕል መሥሪያውን አይቶ ወደ ላይ ወደ መኝታ ቤቶቹ ይወጣል፤ ሲመለስ ብጫውን የምግብ ክፍል፥ በመጨረሻም ማድ ቤቱን ያገኛል። ማድ ቤቱ የመጨረሻው ስለ ሆነና ከኋላ የሚገፋው ሰው ስለሚበዛ አብዛኛው ጎብኚ ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይቆይበት ወደ ውጭ ይወጣል። መቆም የፈለገ ሰው ጠዋት በሩ ሲከፈት ቢገባ፥ ሕዝቡ ሳይደርስበት ድስቱን ከትልቁ እስከ ትንሹ ለመቍጠር ጊዜ ያገኛል።